ኖራ የተቀባው ናሙና

የዶሮ ወጥ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ይህን ስናገር ሰው እንደ ጉድ ያየኛል። በፋሲካ ዘመድ ቤት ሄጄ «ሽሮ ካለ ስጡኝ» ስል የቤቱ እመቤት ትቀየመኛለች። ምክንያቱን በአጭሩ ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ በአጭሩ ሲነገር ግን ቀልድ ይመስልና ሰው ይስቅብኛል። ስለዚህ ዛሬ በረጅሙ ልንገራችሁ። ከሳቃችሁም ጨርሳችሁ ሳቁ።

ያኔ የነዳጅ ጂኦሎጂስት ነበርኩ። ስሙ ሲጠራ ያስፈራል እንጂ ሥራው ድንጋይ ማየት ነው። ወደ ዓባይ ገደል የወረደ ሰው እንዳየው፣ ከላይ የምናርሰው መሬት የተቀመጠበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች ደግሞ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን ንብርብር ሆኖ የተጠራቀመ የደለል አለት አለ። የእኔ ጥያቄ በዚያ ንብርብር መሃል ስላለ አንድ ጥቁር አለት ነበር። ዕድሜዬን የፈጀው እሱ ነው።

ጥቁሩ አለት የባሕር ጭቃ ነው፤ በጭቃው ውስጥ የደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት ተቀብሮበታል። እንዲህ ያለ አለት ጠልቆ ተቀብሮ ለረጅም ዘመን በቂ ሙቀት ካገኘ ነዳጅ ያወጣል። ካላገኘ ጥሬውን ይቀራል። ማግኘት አለማግኘቱ በዓይን አይታወቅም፤ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። አለት የደረሰበትን ትልቁን ሙቀት አይረሳም፤ መሣሪያው ያንን ያነብባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ናሙናው ነበረን። ገደሉን ቁልቁል በሚያየው በአንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ በአያ አድማሱ ማሳ ላይ መሬቱ ተሰርስሮ፣ ዘነዘና የመሰለ ድንጋይ እየተቆራረጠ ወጥቶ ነበር። በሙያው ቋንቋ ኮር ይባላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ይጻፍበታል፣ ላይና ታቹ እንዳይምታታ ቀይና ጥቁር መስመር ይሰመርበታል፣ ከዚያ በእንጨት ሣጥን በተርታ ይደረደራል። ተርታው ከጠፋ ተራ ድንጋይ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ማሽኑ ሄደ፣ በጀቱም አለቀ። ሣጥኖቹን ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ካሉት የመንገድ ዳር ከተሞች በአንዷ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን አስቀመጥናቸው። የከተማዋንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ስማቸው ሲጠራ ደስ ይላቸዋል።

አያ አድማሱ ግን ከጉድጓዱ ጋር ቀሩ። «እርሻውን እረስ፤ ቤት አትሥራ፣ ባሕር ዛፍ አትትከል፣ ነዳጅ ከተገኘ ሁሉም ይፈርሳል» ተባሉ። የሚኖሩበት ጎጆ ዘሞ በሁለት ባላ ተደግፎ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ባላ ይጨምራሉ። ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«አስካለ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። አለ በዪኝና ልነሣ፤ የለም በዪኝና ልሥራ።»

«ገና አልተመረመረም፣ አያ።»

«ደንጊያ ምን ያህል ይተኛል እንግዲህ?»

ለምርመራው ገንዘብ ስለምን፣ ደጅ ስጠና ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለ አንድ ላቦራቶሪ «ጥቁሩን አምጪ፣ በነፃ እናይልሻለን» አለኝ። ሸጋው የሚባል ሾፌር ከነአይሱዙው ተከራይቼ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ሉማሜ ላይ ሻይ ስንጠጣ ከደስታዬ ብዛት ዘፈን ሳንጎራጉር ሸጋው ሰምቶኝ ሳቀብኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ተቀይሯል። አጥሩ ቀለም ተቀብቷል፣ አረሙ ታጭዷል። ከበሩ እስከ ቢሮው ደረጃ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ ተተክሏል።

«ዶክተር፣ እንዴት ያለ ድንጋይ ነው!» አለ ሸጋው። «ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ድቡልቡል። ከየት አመጡት?»

እኔም «ቆንጆ ነው» አልኩ። ይቅር በሉኝ፣ ብያለሁ። ከመኪናው ወርጄ ጥቂት እንደሄድኩ አንዱን በእግሬ መታሁት። ኖራው ሲረግፍ ከሥሩ ቀይ መስመር ታየኝ። ከቀዩ ጎን ጥቁሩ ነበር። በራሴ እጅ ያሰመርኩት ነው።

ኃላፊው አቶ ዳምጠው ሱፍ ለብሶ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ዶክተርዬ! እንኳን ደህና መጡ! በደግ ቀን ነው የመጡት፤ ነገ ትልቅ እንግዳ አለብን።»

«አቶ ዳምጠው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ማስዋቢያ ነው።»

«ከየት አመጣችሁት?»

«ከመጋዘን ነዋ። ሥራ ፈቶ የአይጥ መራቢያ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ‹ይህን የመሰለ ድንጋይ እያለ ለምን እንገዛለን› አሉ። ወጪ ቆጠብን።»

ወጪ መቆጠቡን ሲናገር ፊቱ በራ። ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። መጋዘን የለም። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወንበሩ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከኋላው በቀይ ሪባን ታስሮ፣ የፕላስቲክ አበባ ተደርድሮ አዳራሽ ሆኗል። ግድግዳው ላይ «የአካባቢያችንን የነዳጅ ሀብት የማስተዋወቅ መርሐ ግብር» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ሣጥኖቹን ጠየቅኩ።

«ለማገዶ ሰጠናቸው። በደንብ ደርቀው ስለነበር ጥሩ ይነድዳሉ» አለኝ ዳምጠው።

ወደ መንገዱ ተመልሼ ነጩን ድንጋይ እየዞርኩ፣ ኖራውን እየፋቅኩ ማየት ጀመርኩ። የኖራ ድንጋይ፣ አሸዋ ድንጋይ፣ ደግሞ የኖራ ድንጋይ፤ የታቹ ከላይ፣ የላዩ ከታች ተዘበራርቋል። ግን ልብ በሉ፣ ጥቁር አልነበረበትም። አንድም። ተስፋዬ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ምናልባት ጥቁሩን ለይተው አስቀምጠውት ይሆናል አልኩ።

«ጥቁሮቹስ የት አሉ?»

«እነሱ አስቸገሩን» አለ ዳምጠው። «ኖራ አልይዝ አሉ፤ ቢቀቡም ይረግፋል። መልካቸውም አያምርም። ወጥ ቤት ይጠቀሙበት ብለን ሰጠን።»

ከአዳራሹ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ወጥ ቤት አለ። ገና ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላምባ። ለእናንተ ላምባ ነው። እኔ ግን ያንን ሽታ ያን ሁሉ ዓመት ድንጋይ እየሰበርኩ፣ አፍንጫዬ ሥር እያደረግኩ ስፈልገው የኖርኩት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ይህን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ። ቀጥሎ የሚሸተኝ ምን እንደሆነ ገባኝና ሮጬ ገባሁ።

ወጥ ሠሪዋ እትዬ የሺ ዓይናቸው በጭስ ቀልቶ፣ በማማሰያቸው ወደ እሳቱ እያመለከቱ ተቀበሉኝ።

«ይህን ደንጊያ ያመጣሽው አንቺ ነሽ? ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው የሰጡኝ! ነፋሱ ከገደሉ እየመጣ እሳቴን ቢበትንብኝ፣ ይህን ጥቁር ደንጊያ ዙሪያውን ካብሁት። ትናንት ስቀቅል ትንሽ ጨሰ፤ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ይነድድልሻል እኮ! ደንጊያ ሲነድድ አይቼ አላውቅም። ወጤ ላምባ ላምባ አለብኝ፣ በሞቴ ቅመሽው!»

ድስቶቹ ትልልቅ ናቸው። በዙሪያቸው እንደ ቅጥር የተካበው የእኔ ጥቁር አለት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ይታያል። ሳላስበው እጄን ሰድጄ አንዱን ሳብኩ። የቆዳዬ መቃጠል የተሰማኝ ቆይቶ ነው። ሸጋው የውኃ ባልዲ አንሥቶ ሊደፋበት ሲል «አትድፋ! ይሰነጠቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ራሴን ሰማሁት። ቢሰነጠቅስ? ለሁለት ቀን የተጠበሰ ድንጋይ ምን ይረባኛል? ከእንግዲህ መሣሪያው ይህን አለት ቢጠይቀው የሚነግረው ስለ እትዬ የሺ እሳት ነው። ምድር ሙቀት ሰጥታው ይሁን አይሁን፣ የዶሮ ወጡ እሳት ሸፍኖታል። እዚያው አመድ ላይ ቁጭ አልኩ።

እትዬ የሺ ደንግጠው የተቃጠለ እጄን ቅቤ ሊቀቡኝ ፈለጉ። እሳቸውን አልተቀየምኩም፤ የተሰጣቸውን ድንጋይ ነው የካቡት። የዘገነነኝ ከኋላዬ የመጣው ሰው ነው።

«ነደደ?» አለ ዳምጠው። ዓይኑ ፈጠጠ። «እውነት ድንጋዩ ነደደ?»

«ነድዶ አለቀ።»

«እንግዲያ አለ ማለት ነው! ነዳጅ ካልሆነ ምን ይነድዳል?»

አስረዳሁት። መንደዱ በአለቱ ውስጥ ቅሪት መኖሩን እንጂ ከሥር ነዳጅ መኖሩን እንደማያሳይ፣ ዋናው ጥያቄ ሙቀቱ እንደሆነ፣ ያንን የምናውቅበትን ብቸኛ ነገር ደግሞ እሱ ራሱ ምድጃ ላይ እንዳስቀመጠው ነገርኩት። ትዕግሥቴን ሰብስቤ፣ ለተማሪ እንደማስረዳው አስረዳሁት። እስክጨርስ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና «ይህ ለባለሙያ ነው» አለኝ። «ለእንግዳው አጭር ነገር ነው የሚያስፈልገን። ነገ ማይክ እሰጥዎታለሁ፤ ‹ነደደ› ብቻ ይበሉ። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። የሚያስጠላውም ይኸው ነው። «ነደደ» የምትለዋን ቃል ብተነፍሳት እኔ አልዋሸሁም፤ አያ አድማሱ ግን ከመሬታቸው ይነሣሉ።

«ድንጋዬን አሁን ልጫን» አልኩት።

«ከእንግዳው በፊት አንድ ድንጋይ እንዳይነካ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ሁሉንም ይውሰዱ፤ ለእኛ ቆሻሻ ነው።»

በማግሥቱ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ መጣሁ። እንግዳው በነጩ ድንጋይ መሃል ሲገቡ ዳምጠው ከፊት ከፊት እያጎነበሰ ይመራቸዋል። «ግቢያችሁ ጽዱ ነው» አሉ። ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው እንዲያጨበጭቡ ከየገጠሩ በመኪና ተጭነው መጥተዋል። ከመሃላቸው አያ አድማሱን አየኋቸው፤ በር አጠገብ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሩቅ በዓይናቸው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ምሳ ቀረበ። እንግዳው የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ከተቱና ማኘካቸውን አቆሙ። አዳራሹ በሙሉ አፋቸውን ያያል። ሽታው እኮ ከሩቅ ይጣራል! ዋጡት። «ሙያ ነው» አሉ። ከዚያ ሁሉም በላ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እጅ ያስቆረጥማል» ይላል። ሌላው «ቅመሙን ምን አድርገውት ነው?» ይላል። አንድ ሰው እንኳ ላምባ የሚለውን ቃል አልደፈረም። ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ፊርማቸው ሰው የሚቀጥርና የሚያባርር፣ ላምባ እየበሉ ተመሰጋገኑ።

ይህ ሳያንስ ዳምጠው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። «ዶክተራችን አልበሉም!» አለ እንግዳው እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። ጉርሻ እንቢ እንደማይባል ታውቃላችሁ። ትልቅ ነበር፤ ጣቱን አስከትሎ አፌ ውስጥ ጨመረው። የሥራ ዘመኔን በሙሉ የፈለግኩት አለት ጭስ፣ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ በዚያ ሰውዬ ጣት ጉሮሮዬ ውስጥ ወረደ።

አላምጬ ሳልጨርስ ማይክ ያዘ። «ክቡራን እንግዶቻችን፣ የምሥራች አለኝ! ትናንት በዚህ ግቢ ድንጋያችን ነደደ!» እልልታ፣ ጭብጨባ። «ዶክተር አስካለ በእጃቸው ነክተው አረጋግጠዋል፤ ፋሻቸውን ተመልከቱ! እስቲ ከራሳቸው አፍ እንስማ።»

ተነሣሁ። አያ አድማሱ አላጨበጨቡም። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አፌን ያያሉ። ማይኩን ስቀበል ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«ድንጋዩ ነድዷል» አልኩ። ጭብጨባው ደገመ። እስኪበርድ ጠበቅኩ። «ያነደድነው ግን እኛ ነን። ነዳጅ ይኑር አይኑር የሚነግረን እሱ ብቻ ነበር፤ ሳንጠይቀው ወጥ ሠራንበት። አሁን ላምባ ላምባ እየሸተታችሁ የበላችሁት እሱን ነው። መንገዱ ዳር ኖራ ተቀብቶ የተተከለውም ያው ናሙና ነው። ነዳጅ አለ የሚላችሁ ሰው አያውቅም። እኔም አላውቅም። እንዳናውቅ ያደረጉን...»

የማይኩ ድምፅ ተቆረጠ። ከዚያ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፤ ንግግር ሲያልቅ ማጨብጨብ ልማዱ ይሆናል። ሌላው ተከተለ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ! ዘፈን ተከፈተ። እንግዳው አፋቸውን በሶፍት እየጠረጉ ለጎረቤታቸው ሌላ ነገር ያወራሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፌን ይዤ ወጣሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። ደርሼ የበላሁትንም ያልበላሁትንም አወጣሁት። ግድግዳውን ይዤ ቀና ስል በሩ በነፋስ እንዳይመታ በድንጋይ መደገፉን አየሁ። ጥቁር ነው። እንደ ክንድ የሚረዝም፣ ድቡልቡል። ጎንበስ ብዬ ገለበጥኩት። ከሥሩ ቀይና ጥቁሩ መስመር፣ ከጎኑ ጥልቀቱ ተጽፏል። እሳት አልነካውም። ምን ምን እንደነካው ግን አልነግራችሁም፤ ቦታውን ታውቃላችሁ። በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። ከመላው ናሙና በክብሩ የተረፈው ሽንት ቤት የተቀመጠው ነው።

«ዶክተር፣ ይህንንስ መኪናዬ ውስጥ አላስገባም» አለ ሸጋው አፍንጫውን ይዞ።

«ጭኔ ላይ ይሆናል።»

እንግዳው ሲሄዱ ነጩን ድንጋይ ከመንገዱ እየነቀልን ጫንነው። ዳምጠው በመስኮት ያየናል፤ አልወጣም። ለአጨብጫቢዎቹ የመመለሻ መኪና አልተዘጋጀም ነበርና አያ አድማሱ ከእኛ ጋር ተሳፈሩ። የአምበርን ከተማ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል እያዩ ተናገሩ።

«ሰምቼሻለሁ። ደህና ተናገርሽ። ቁርጡን ግን አልነገርሽኝም።»

«ይህች ድንጋይ ትነግረናለች፣ አያ። ነጩን የማኖርበት ግን አጣሁ።»

«እኔ ዘንድ ይሁን። ከእኔ መሬት የወጣ አይደል?»

ከበረቱ ጎን አወረድነው። ሳር አለበሱትና ማንም እንዳይነካው ቤተሰቡን አስጠነቀቁ። የማስቀመጥን ሥራ የሚያውቅ መጋዘን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። «የተቋሙን ገጽታ በማበላሸት» ተብዬ ከሥራ ታገድኩ፤ ሲመልሱኝ እኔ አልተመለስኩም። አሁን ለገጠር የውኃ ጉድጓድ ቦታ አሳያለሁ። ውኃ ደግ ነገር ነው፤ ከወጣ ወጣ ነው፣ ካልወጣ አልወጣም፣ በጭብጨባ አይወጣም። ሰው ጠባይሽ ተለወጠ ይለኛል። እውነት ነው። ድሮ አላዋቂነት ነበር የሚያስቆጣኝ። አሁን አላዋቂ ሰው ምንም አያደርገኝም፤ ይጠይቃል፣ ይነገረዋል። የሚያቅለሸልሸኝ ላምባውን አፉ ውስጥ ይዞ «ሙያ ነው» የሚለው ነው። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ሥራ ቦታችሁ ለእንግዳ ድንጋይ ኖራ ሲቀባ ካያችሁ፣ እባካችሁ ድንጋዩን አገላብጣችሁ እዩት። የአንድ ሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ጥቁሩን ድንጋይ አጥቤ፣ ውስጡን አስቆርጬ ላክሁት። ወራት ቆይቶ መልሱ መጣ። አለቱ በቅሪት የበለጸገ ነው፤ ሙቀት ግን አላገኘም። ምድር ከባሕር ዘመን ጀምሮ ያላበሰለችው ጥሬ ነው። ነዳጁ እዚያ ቦታ የለም። ምድጃው ዙሪያ የተካበው ቀሪው ጥቁር አለት በዘመኑ ሁሉ ያገኘው ትልቁ ሙቀት የምሳው እሳት ነው።

አያ አድማሱ ዘንድ ሄጄ በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው።

«ቁርጡን አመጣሁልዎት፣ አያ። የለም።»

«የለም?»

«የለም። ቤትዎን ይሥሩ።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ወደ ባላዎቹ ዞረው ተመለከቱና መሬት ላይ እንትፍ አሉ። «ይህን ለማወቅ ነው ጎጆዬን ያስዘመሙት?» አሉ። ከዚያ ወደ በረቱ ጎን አዩ። «ያ ደንጊያ አሁንም ያስፈልግሻል?»

ሳሩን ገልጬ አየሁት። ኖራው በዝናብ እየታጠበ፣ ቁጥሮቹ እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። ለሳይንስ የሚሆነው ነገር አልቋል። «አያስፈልገኝም፣ ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

የመሠረቱ ቦይ ሲቆፈር እዚያው ሰነበትኩ። ቁጥሩ የሚነበበውን በቁጥሩ፣ የማይነበበውን በዓይነቱ ለየሁት። ግንበኛው «ደንጊያ ለመሠረት ምን ተርታ ያስፈልገዋል?» እያለ ቢያጉረመርምም፣ ከጥልቁ የወጣውን ከታች፣ ከላይ የወጣውን ከላይ አድርጎ ከሌላው ድንጋይ ጋር ካበው። መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የነዳጅ ሀብቱን የሚያበሥረው ባነር ዛሬም ተሰቅሏል። ናሙናውን በተርታው ማየት የሚፈልግ ሰው ግን የአያ አድማሱን ቤት ማፍረስ አለበት።